ጂኦግራፊ ከወለል ይጀምራል፦ ትንንሽ ልጆችን በእጃቸው እያስነኩ ማስተማር

የአራት ዓመት ልጅ የ20 አገር ዋና ከተማ በቃሉ ሲያነበንብ ማየት ደስ ይላል። እንግዳ ፊት ያስጨበጭባል፤ ቪዲዮ ተቀርጾም ለዘመድ ይላካል። ግን ያንኑ ልጅ «ከመኝታ ቤት ወደ ማዕድ ቤት ስትሄድ በየት በኩል ነው የምታልፈው?» በሉት። ብዙ ጊዜ እጁን ወደ አንድ ወገን ዘርግቶ «በዛ» ነው የሚላችሁ። እኔ እንደማምነው የዚህ ዕድሜ ጂኦግራፊ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው። የት ነው ያለሁት? ያ ነገር ከእኔ በየት በኩል ነው? እንዴት ነው የሚደረስበት? ከላይ ሆኖ ቢታይስ ምን ይመስላል? ዋና ከተማ የትም አይሄድም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ይደርስበታል።

እዚህ ያሉት ሥራዎች ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ ናቸው። አብዛኞቹ ካርቶን፣ ወረቀት፣ ውሃ፣ አሸዋና ሊጥ ቢኖር ይበቃቸዋል። አንዱን በ10 ደቂቃ ጨርሶ መነሳት ይቻላል፤ ልጁ ከተመቸውም ግማሽ ቀን ይዘልቃል። ቅደም ተከተሉን ግን ባትዘሉት እመክራለሁ። ብዙ ወላጅ ቀድሞ የሚገዛው ሉል ነው፣ እኔ ግን ሉሉን ወደ መጨረሻው ነው የማመጣው።

«እዛ ጋ» ማለት ይቅር

ልጅ ካርታ ከማየቱ በፊት የቦታ ቃላት ያስፈልጉታል። ላይ፣ ታች፣ ፊት፣ ኋላ፣ አጠገብ፣ መሀል፣ ማዶ፣ ሥር። እነዚህን ለማስተማር ተብሎ ቁጭ ማለት አያስፈልግም። ችግሩ ያለው እኛው ጋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «እዛ ጋ አድርገው»፣ «እዚህ ጋ ነይ» ስንል እንውላለን። «ከወንበሩ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር አድርገው» ለማለት ሁለት ሰከንድ ቢጨምር ነው።

ጨዋታው ደግሞ ቀላል ነው። አንድ መጫወቻ ደብቁና በቃል ብቻ ምሩት። «ሁለት እርምጃ ወደ ፊት። አሁን ወደ መስኮቱ ዙር። ከትራሱ ሥር እይ።» ከዚያ ተራ ቀይሩ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው፤ ልጁ ደብቆ እሱ ይምራ፣ እናንተ ፈልጉ። ያላችሁን ብቻ አድርጉ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩለት። «ሂጂ፣ ሂጂ» ብሎ «ቁሚ» ካላለ ሄዳችሁ ግድግዳው ጋ ተላተሙ። ይስቃል፤ በሚቀጥለው ዙር ግን ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥሮ ይነግራችኋል።

ግራና ቀኝ ላይ አትጨነቁ። 6 እና 7 ዓመት እስኪሆናቸው የሚያምታታቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ አዋቂም ቢሆን መንገድ ሲያሳይ ቀኙን እያመለከተ «ግራ» ሲል ሰምተናል። አንዱ እጁ ላይ ክር አስሩለትና «ክሩ ባለበት በኩል» በሉት፣ በቃ።

ከላይ ማየት

ካርታ ልጁን በአንዴ ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። ከላይ ሆነህ እይ፣ ሁሉንም አሳንሰህ አስብ፣ መስመሩንና ቀለሙን እንደ ምልክት ውሰድ ይለዋል። ለትንሽ ልጅ ይሄ ከባድ ሸክም ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እናራግፈው።

መጀመሪያ ከላይ ማየቱ። ኩባያ ወለል ላይ አስቀምጡና ልጁ በደረቱ ተኝቶ ከጎን ይየው። ከዚያ እናንተ ይዛችሁት ወንበር ላይ ቆሞ ቁልቁል ይየው። ከጎን ሲታይ ቁመት የነበረው ነገር አሁን ክብ ብቻ ሆኗል። ኩባያውን ወረቀት ላይ አድርጉትና ዙሪያውን በእርሳስ ያስምር። ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ መጽሐፍ፣ ጫማም እንደዚሁ። ዕቃዎቹን አንሱና የቀረውን ሥዕል ሌላ የቤተሰብ ሰው መጥቶ የቱ የምን እንደሆነ ይገምት። ልጁ በገዛ እጁ የሠራው የመጀመሪያ ካርታ ይሄ ነው። በስልካችሁም አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ወለሉ ላይ የተዝረከረከውን መጫወቻ ከላይ ፎቶ አንሱና «ይሄ ምንድን ነው?» ተጫወቱ፤ ይወዱታል።

ማሳነሱ ላይ ዕድሜ ለውጥ ያመጣል። ጁዲ ዴሎች የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ሙከራ አለ። የአንድን ክፍል ትንሽ ሞዴል ሠሩ፣ ልጁ እያየ ትንሿን አሻንጉሊት ሞዴሉ ውስጥ ካለ ዕቃ ኋላ ደበቁ፣ ከዚያ «ትልቁ አሻንጉሊት በትልቁ ክፍል ውስጥ እዚያው ቦታ ተደብቋል፣ ፈልግ» አሉት። 3 ዓመት ያለፋቸው አብዛኞቹ በቀጥታ ሄደው አገኙት። 2 ዓመት ተኩል ገደማ የሆኑት ግን አብዛኞቹ አላገኙትም፤ ትንሿ አሻንጉሊት የት እንዳለች ግን በደንብ ያስታውሱ ነበር። በጣም የሚገርመው በኋላ የተሠራው ነው። በዚያው ዕድሜ ላሉ ሌሎች ልጆች «ይሄ ማሽን ክፍሉን ያሳንሰዋል» ተብሎ ሲነገራቸውና ሲያምኑ፣ አብዛኞቹ ማግኘት ጀመሩ! ምክንያቱም አሁን ሞዴሉ የክፍሉ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ራሱ ክፍሉ ሆነላቸው። ስለዚህ ልጃችሁ ገና 3 ካልሞላው በሞዴል ዕቃ አስፈልጋችሁ እንቢ ቢላችሁ ስንፍና አይደለም፤ ወራት ጠብቁት።

እቤት ለመሥራት የጫማ ካርቶን ውሰዱና የልጁን ክፍል ሥሩበት። የክብሪት ቀፎ አልጋ ይሆናል፣ የጠርሙስ ክዳን ወንበር፣ ቁራጭ ጨርቅ ምንጣፍ። በሩንና መስኮቱን በትክክለኛ ቦታቸው ቅደዱ፤ ሌላው ሸፋፋ ቢሆን ግድ የለም። እሱን ከጨረሳችሁ በኋላ ካርቶኑን ቁልቁል እያያችሁ ወረቀት ላይ ሣሉት። ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉና እዚያ ቦታ እውነተኛው ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ደብቁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ካርታውን ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ወለል ላይ ዘርጉት። ካርታው ላይ ያለው በር ወደ እውነተኛው በር እስኪዞር አዙሩት፤ ይቺ ብቻዋን ግማሹን ግራ መጋባት ታስቀራለች። ግድግዳ ላይ የለመደ ልጅ ሰሜን ማለት ሽቅብ፣ ደቡብ ማለት ቁልቁል ይመስለዋል። ዓባይ ከደቡብ ወደ ሰሜን እንደሚፈስ ስትነግሩት ታዲያ ውሃ እንዴት ዳገት ይወጣል ብሎ ቢጠይቃችሁ እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ምልክት ነው። ሊን ሊበንና ሮጀር ዳውንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ትንንሽ ልጆችን ካርታ አሳይተው ሲጠይቁ፣ በቀይ መስመር የተሣለው መንገድ እውነትም ቀይ ነው ብለው የሚያስቡ ልጆች አገኙ። ሌሎቹ ደግሞ መስመሩ መንገድ ሊሆን አይችልም አሉ፤ ሁለት መኪና ስለማያሳልፍ! ከምር ካሰባችሁት አመክንዮው የሚነቀፍ አይደለም። መፍትሔው ምልክቱን ልጁ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። «አልጋ በምን ቀለም ይሁን?» ሰማያዊ ካለ ሰማያዊ ቀቡትና «እውነተኛው አልጋስ ሰማያዊ ነው?» በሉት። «አይደለም፣ ካርታው ላይ ብቻ ነው» ያለ ቀን ትልቅ ነገር ገብቶታል።

ውጭ ስትወጡ

ረጅም ወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ወይም ካርቶን ላይ ረጅም መስመር አስምሩ። ከበራችሁ ተነሱና በየመንገዱ ልጁ ዓይኑን የጣለበት ነገር ላይ ቆም እያላችሁ አንድ ነገር ለጥፉ። ከትልቁ ዛፍ ቅጠል፣ ከአጥሩ ሥር ጠጠር፣ ድልድይ ካለ ሥዕል። ስትመለሱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ እሱ ይምራችሁ። መመለሻው ከመሄጃው በጣም ይከብዳል፤ መታጠፊያው ሁሉ ይገለበጣልና። አትቸኩሉበት።

ለአቅጣጫ ፀሐይ ትበቃለች። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ትወጣለች፣ ማታ በምዕራብ በኩል ትገባለች። («በኩል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልክ ምሥራቅ ላይ የምትወጣው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው የዓመቱ ሁለት ወቅቶች አካባቢ ነው፣ ለልጁ ግን ይሄ ዛሬ አይጠቅመውም።) ልጁን ጠዋት ደጅ አቁሙና ጥላውን በጠመኔ ዙሪያውን አስምሩ። ቀትር ላይና ከሰዓት በኋላ እዚያው እግሩ የነበረበት ቦታ ቆሞ ድገሙት። ጥላው ዞሯል፣ ቀትር ላይ አጥሯል። ጥላውን እንጂ ፀሐይዋን በቀጥታ እንዳያይ ንገሩት። እቤት ስትገቡ አራቱን አቅጣጫዎች ጽፋችሁ በየግድግዳው ለጥፉ፤ «ሁለት ዝላይ ወደ ሰሜን! አንድ ወደ ምዕራብ!» እያላችሁ ማዝለል ነው።

ውሃና መሬት

ይሄኛው የእኔ ተወዳጅ ነው፤ ቤቱ ይርጠባል፣ ልብስ ይቆሽሻል፣ ግን ከዚህ በላይ የሚገባቸው ነገር የለም።

ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በከፈቱት የሕፃናት ቤት የተነሳው ዘዴ ዛሬ በስማቸው በሚጠሩ ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። በነዚህ ትምህርት ቤቶች የመሬት ቅርጾች የሚቀርቡት ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ተደርገው ነው። ዕቃውን መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ጎድጎድ ያሉ ሳህኖችና ሸክላ ጭቃ ወይም የመጫወቻ ሊጥ ይበቃል። በአንዱ ሳህን መሀል የጭቃ ጉብታ አድርጉ። በሌላው ዙሪያውን ጭቃ ሞልታችሁ መሀሉን ባዶ ተዉት። ከዚያ ልጁ በሁለቱም ውሃ ያፍስስ፤ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ብትጨምሩ ያምራል። አንዱ ደሴት ሆነ፣ ሌላው ሐይቅ። ልጁ ጣቱን በደሴቱ ዙሪያ ያዙር፣ ከዚያ በሐይቁ ዙሪያ። «በእግርህ ወጥተህ መሄድ የምትችለው ከየትኛው ነው? ጀልባ የሚያስፈልግህስ?» ስሙን የምትነግሩት ከነካ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ጭቃውን ከአንድ ጎን ጋር አያይዙት፤ በሦስት በኩል ውሃ፣ በአንዱ በኩል መሬት፣ ባሕረ ገብ መሬት። ተቃራኒው፣ ማለትም ውሃ ወደ መሬቱ የገባበት፣ ባሕረ ሰላጤ ነው። ሦስተኛው ጥንድ ለትልልቆቹ ነው፦ ሁለት ሰፊ መሬት በቀጭን መሬት ሲያያዝ፣ በሌላው ሳህን ደግሞ ሁለት ሰፊ ውሃ በቀጭን ውሃ ሲያያዝ። ፓናማ እንደ መጀመሪያው ናት፤ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን የምታገናኝ ቀጭን መሬት። ልጁ መሀሉን በጣቱ ቀድዶ ጀልባ ካሳለፈ ደግሞ የፓናማን ቦይ ቆፈረ ማለት ነው። እውነተኛው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው የተከፈተው።

ተራራና ወንዝን ለማሳየት ርካሹ ነገር ወረቀት ነው። ጠንከር ያለ ወረቀት በደንብ ጨምድዱና ትንሽ ብቻ ዘርጉት፤ ሸንተረርና ሸለቆ ይወጣዋል። ሸንተረሮቹን ጫፍ ጫፉን በውሃ በሚለቅ ማርከር ልጁ ይቀባ። ትሪ ላይ አስቀምጡና ከላይ ውሃ በመርጫ ነፋ ነፋ አድርጉበት። ቀለሙ በሸለቆው እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ጅረቶች ይገናኛሉ፣ ጎድጓዳው ቦታ ሐይቅ ይሆናል። ከመርጨታችሁ በፊት «ውሃው የት የሚጠራቀም ይመስልሃል?» ብላችሁ ጣቱን ያስቀምጥ። መገመቱ ነው ዋናው፤ ልክ ሆነ አልሆነ ግድ የለም።

ለአሸዋ ደግሞ ትሪውን በአንድ ጫፍ በመጽሐፍ ከፍ አድርጉ፣ እርጥብ አሸዋ ዘርጉበት፣ ከላይ በቀጭኑ ውሃ አፍስሱ። ውሃው ራሱ መንገድ ይቆፍራል፣ አሸዋውን ተሸክሞ ታች ይዘረግፈዋል፤ ታች የተዘረጋውን ልጁ ዓይኑን ተክሎ ይይ። የናይል ዴልታ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ወንዙ ተሸክሞ ያመጣውን ደለል ባሕሩ ጋ ሲደርስ እየጣለ። መንገዱ ላይ ጠጠር ብታስቀምጡ ወንዙ ይታጠፋል። ግማሹን አሸዋ በሣርና በቅጠል ሸፍናችሁ ብትደግሙት ደግሞ የቱ ጋ አፈሩ ብዙ እንደታጠበ ለመናገር አስተማሪ አያስፈልግም።

የሚቆይ ነገር ከፈለጋችሁ የጨው ሊጥ አለ። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ገደማ ውሃ። ካርቶን ላይ ተራራ፣ ሸለቆ፣ የባሕር ዳርቻ ሠርታችሁ አድርቁትና ቀቡት። ጨው ብዙ ስላለው እንዳይበሉት ተቆጣጠሩ፣ ለቤት እንስሳም ጥሩ አይደለም። ውሃ ባለበት ሁሉ ደግሞ ልጁን ለሰከንድም ጥላችሁ አትሂዱ፤ ጥልቀት የሌለው ውሃም አደጋ አለው። ትንሽ ታናሽ ካለ ጠጠሮቹን አርቁ።

ሉሉ አሁን ይምጣ

የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ሉል ስምም ድንበርም የለውም። መሬቱ ሻካራ፣ ውሃው ልሙጥ ነው፤ ልጁ በጣቱ ነው የሚያነበው። አሮጌ ኳስ ሰማያዊ ቀብታችሁ መሬቱ ላይ በሙጫ አሸዋ ብትለጥፉ ያው ነው። ሁለተኛው ሉል ላይ እያንዳንዱ አህጉር የራሱ ቀለም አለው፤ አፍሪካ አረንጓዴ፣ አውሮፓ ቀይ፣ እስያ ቢጫ። የአህጉር ቁጥር ላይ አትጨቃጨቁ፤ በአንዳንድ አገር 7 ተብሎ ይማራል፣ በሌላው ሁለቱ አሜሪካዎች አንድ ሆነው 6።

በአየር የሚነፋ ሉል ካገኛችሁ ተወራወሩ። በያዛችሁት ቁጥር የቀኝ አውራ ጣት ያረፈው ውሃ ላይ ነው መሬት ላይ? ልጁ ወረቀት ላይ ለየብቻ ጭረት ያድርግ። ብዙ ከተወራወራችሁ ከ10 ጊዜ 7 ያህሉ ውሃ ይሆናል፤ 71 በመቶው የምድር ገጽ ውሃ ስለሆነ። ማንም ቁጥር ሳይነግረው የውሃው ዓምድ ሲረዝም ያያል።

ተራራዎቹ ጎላ ብለው የወጡበት ሉል ግን ብዙ አይማርከኝም። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ሉል ላይ 8,849 ሜትሩ ኤቨረስት በልኩ ቢሠራ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሆነው።

ለቀንና ሌሊት ክፍሉን አጨልሙ፣ መብራት አንድ ጎን አድርጉ፣ የምትኖሩበት ቦታ ላይ ተለጣፊ ምልክት አድርጉ። ልጁ ሉሉን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቀስ አድርጎ ያዙር። ምልክቱ ወደ ብርሃን ሲገባ «ነጋ!» ብሎ ይጩህ፣ ሲወጣ ይተኛ። «አሁን በዚያኛው በኩል ያለ ልጅ ምን እያደረገ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንዱ በሌላው ውስጥ መሆኑን ማስረዳት ያስቸግራል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ጄኔቫ ውስጥ ልጆችን ሲጠይቁ፣ ሰው በአንድ ጊዜ የጄኔቫም የስዊዘርላንድም ሊሆን አይችልም ያሉ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ካርቶኖች ወይም ሳህኖች ፈልጉ። ትንሹ ውስጥ የልጁ ፎቶ፣ ከዚያ ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ ከተማው፣ አገሩ፣ አህጉሩ፣ ምድር። እያስገባ ይዝጋ፣ እያወጣ ይደርድር። ካርቶኑን ከጨረሳችሁ በኋላ በስልክ የሳተላይት ካርታ ከጣሪያችሁ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየራቃችሁ አሳዩት።

የእንስሳት መጫወቻ ካላችሁ እያንዳንዱን ወደ አህጉሩ ያስቀምጥ። ፓንዳ ወደ እስያ፣ ካንጋሮ ወደ አውስትራሊያ። የመጫወቻ ፋብሪካዎች ነጩን ድብና ፔንጉዊንን አንድ በረዶ ላይ አቁመው ይሸጣሉ፤ ለዩአቸው። ድቡ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ነው፣ ፔንጉዊኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከምድር ወገብ በታች ናቸው።

አንድ ቀን «ታች ያሉት ሰዎች ለምን አይወድቁም?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ስቴላ ቮስኒያዱና ዊሊያም ብሩወር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ «ምድር ክብ ናት» የሚሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እንኳ ሰዎች ኳሱ ውስጥ ባለ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይኖራሉ ብለው የሚያስቡ ነበሩባቸው። ስለዚህ በቃል ብቻ አታስረዱት። ከጭቃ ሉል ሥሩና ትንንሽ አሻንጉሊቶችን ዙሪያውን ትከሏቸው፣ የሁሉም እግር ወደ ሉሉ፣ የሁሉም ጭንቅላት ወደ ውጭ። «ታች» ማለት ለእያንዳንዳቸው ወደ ኳሱ መሀል ነው በሉት፤ ምድር የሁሉንም እግር ወደዚያ ትስባለች። ዛሬ ካልገባው አትጎትቱት። በሌላ ቀን አንዱን አሻንጉሊት ስጡትና ደቡብ ዋልታ ላይ እንዲተክለው ጠይቁት፤ እግሩን ወዴት እንዳደረገው ካያችሁ ምን ያህል እንደገባው ታውቃላችሁ።